ምጣዱ ሲግል ልጆቼን ይበርዳቸዋል

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤታችን ባለ አንድ ፎቅ ሲሆን የቤቱን ሙቀት እያነበበ ሂተሩን የሚያበራውና የሚያጠፋው ቴርሞስታት ያለው ከኩሽና ወደ ሳሎን በሚወስደው ኮሪደር ላይ ነው። ምጣዴ የተቀመጠው ከዚያው ግድግዳ ማዶ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራ ስጋግር ሂተሩ ቀጥ ይላል። ላይ ያሉት ልጆቼ ብርድ ልብስ ተከናንበው ይወርዳሉ። አሁን በስልክ የሚታዘዝ ስማርት ቴርሞስታት ገዝቻለሁ። እዚያው ልስቀለው ወይስ ቦታ ልቀይርለት?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ሳይሰቅሉት ጠየቁ። በዚህ አካባቢ ሂተርና ኤሲ ስጠግን 17 ዓመት ሆነኝ። የሐበሻ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ምጣዱ የት እንዳለ ነው።

ቴርሞስታት የሚያውቀው የነካውን አየር ብቻ ነው። ስማርትም ቢሆን ያው ነው። ምጣዱ ሲግል ግድግዳው ይሞቃል፤ የኩሽናው ሙቀትም በዚያው ኮሪደር ያልፋል። እርስዎ 70 ዲግሪ ፋራናይት ላይ አድርገውታል፣ እሱ 76 ያነባል። ስለዚህ ቤቱ ሞቋል ብሎ ሂተሩን ያጠፋዋል። ልጆቹ ያሉበትን ክፍል አያውቀውም።

ትክክለኛው ቦታ ሳሎን ነው። ጀርባው ወደ ውጭ ያልሆነ የመሃል ግድግዳ ይምረጡ። ከፍታው ከወለል 5 ጫማ ያህል፣ ማለትም አንድ ሜትር ተኩል ይሁን። የሂተሩ ቬንት (የሞቀው አየር መውጫ) የሚነፋበት፣ የውጭ በር የሚከፈትበት፣ ቴሌቪዥን ወይም መብራት የተጠጋው ቦታ አይሆንም። ቡና የሚቆሉበትም ጥግ እንዲሁ። የደረጃውንም ግርጌ ይተውት፤ ቀዝቃዛ አየር ከላይ እየወረደ እዚያ ይተኛል። ፀሐይዋን ደግሞ አንድ ቀን ሙሉ ይከታተሏት። በብርድ ወራት ዝቅ ብላ ስለምትሄድ በበጋ ያልነካችው ግድግዳ ላይ ታርፋለች።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው አያየውም። ከቴርሞስታቱ ጀርባ ሽቦው የሚወጣበት ቀዳዳ አለ። አሌክሳንድሪያ አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ፤ ሂተሩ አላቆም ብሎ ባለቤቶቹ ተቸግረዋል። ቴርሞስታቱ 64 ይላል፣ በእጄ የያዝኩት ቴርሞሜትር 70። ነቅዬ ሳየው ቀዳዳው አውራ ጣት ያስገባል። ከጣሪያው ስር የሚመጣ ቀዝቃዛ አየር በግድግዳው ውስጥ ወርዶ ሙቀቱን በሚለካው ሴንሰር ላይ ቀጥታ ይነፋል። በፑቲ ደፈንኩት። ማታ ሲደውሉልኝ ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራርበዋል። የእርስዎንም የትም ይስቀሉት፣ ቀዳዳውን ሳይደፍኑ እንዳይዘጉት።

ቦታ መቀየር አዲስ ሽቦ መሳብና ግድግዳ መብሳት ስለሚጠይቅ፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ ተጨማሪ ሴንሰር እገዛ ነበር። ኢኮቢና ኔስት የተባሉት የስማርት ቴርሞስታት ብራንዶች ይህን ሴንሰር የሚቀበሉ ሞዴሎች አሏቸው። አንዱን ልጆቹ ክፍል፣ ከቬንቱና ከመስኮቱ ራቅ አድርገው ያስቀምጡት። ከዚያ በስልክዎ ላይ ቅዳሜም ሆነ ማታ ያንን ክፍል እንዲከተል ያዙት። ኢኮቢ የሁለት ክፍሎችን አማካይ መውሰድ ስለሚችል ሁለተኛውን ሳሎን ቢያደርጉት ታችም ከልክ በላይ አይሞቅም። ሁለት ሦስት ቅዳሜ ጋግረው ይዩት። ልጆቹ አሁንም ከበረዳቸው ያን ጊዜ ቴርሞስታቱን ወደ ሳሎን ያዙሩት።

የድሮውን ቴርሞስታት ሲነቅሉት መጀመሪያ ብሬከሩን ያጥፉ። ሽቦዎቹን ሳይፈቱ ፎቶ ያንሷቸው። «ሲ» የሚለው ፊደል ላይ የገባ ሽቦ ካለ ጥሩ፤ ስማርቱ ኃይል የሚያገኘው ከእሱ ነው። ከሌለ ከሂተሩ ማሽን ጋር የሚገጠም አዳፕተር አለ።

በየክፍሉ ግድግዳ ግርጌ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያላችሁ አንባቢዎች ግን ተጠንቀቁ። ቴርሞስታቱን ስትነቅሉት ወፍራም ሽቦዎች ካያችሁ እጃችሁን አንሱ። ያ የተለመደው 24 ቮልት አይደለም፤ የቤቱ ዋና ኤሌክትሪክ ነው። ክዳኑን መልሱና ባለሙያ ጥሩ።