በፋስት ቴምፕሌት የትኛው ኦፕሬተር ለየትኛው መስክ?

የጠያቂያችን ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው። የአክሲዮን ገበያ የዋጋ መረጃ በፋስት ፕሮቶኮል (የገበያ መልእክቶችን አሳንሶ የመላኪያ ደንብ) ለማሰራጨት ቴምፕሌት፣ ማለትም የመልእክቱን መስኮች ተራና ዓይነት የሚገልጽ ንድፍ፣ እየጻፉ ነው። መስመራቸው ጠባብ ስለሆነ መልእክቱ እንዲያንስ ብለው ለሁሉም መስክ ኮፒ ወይም ዴልታ የተባለ ኦፕሬተር (እሴቱ እንዴት እንደሚላክ የሚወስን መመሪያ) ሰጥተዋል፤ ኮፒ ያልተለወጠ እሴትን ደግሞ አይልክም፣ ዴልታ ከቀደመው እሴት ያለውን ልዩነት ብቻ ይልካል። በሙከራ ፋይል ላይ ሁሉም ትክክል ይወጣል፤ በቀጥታ ስርጭት ላይ ግን አንዳንድ ዋጋዎች ይዛባሉ። እኔ የገበያ መረጃ ተቀብሎ በሚፈታ ሶፍትዌር ላይ ለዓመታት ስለሠራሁ፣ ይህን ዓይነት ችግር ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ኦፕሬተር ከመምረጥዎ በፊት የቀደመው እሴት መቼ እንደሚረሳ ይወስኑ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

የፋስት መልእክት የመስክ ስምም ሆነ መለያ ቁጥር ይዞ አይጓዝም። ትርጉሙ ያለው በሁለቱም ወገን አስቀድሞ በተቀመጠው የኤክስኤምኤል ቴምፕሌት ውስጥ ነው። ኮፒ፣ ዴልታ፣ ኢንክሪመንት (በቀደመው እሴት ላይ አንድ የሚጨምር) እና ቴይል (የተለወጠውን መጨረሻ ብቻ የሚልክ) ደግሞ ተጨማሪ ነገር ይጠይቃሉ፤ ላኪና ተቀባይ የቀደመውን እሴት እኩል ማስታወስ አለባቸው። የዋጋ መረጃ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰራጨው በዩዲፒ መልቲካስት (መድረሱን ሳያረጋግጥ ለብዙ ተቀባዮች በአንዴ በሚልክ ዘዴ) ነው፤ በዩዲፒ ደግሞ ፓኬት ይጠፋል። አንድ ፓኬት በጠፋ ቁጥር የሁለቱ ትውስታ ይለያያል። ቀጥሎ የሚመጣው ዴልታ ያለ ምንም እንከን ይፈታል፤ የሚደመረው ግን በተሳሳተ ቁጥር ላይ ነው። ፕሮግራሙም ስህተት አለ ብሎ አይናገርም። በሙከራ ፋይልዎ ውስጥ የሚጠፋ ፓኬት ስለሌለ ነው ችግሩ ያልታየዎት።

ስለዚህ ዲክሽነሪው (የቀደሙት እሴቶች የሚቀመጡበት ትውስታ) በእያንዳንዱ ፓኬት መጀመሪያ ላይ እንዲጸዳ ያድርጉ። ጭመቃው ይቀንሳል ብለው አይስጉ። በአንድ መልእክት ውስጥ ብዙ የዋጋ ለውጦችን በሲኩዌንስ (በሚደጋገሙ ረድፎች ዝርዝር) ከደረደሩ፣ ኮፒና ዴልታ ከአንዱ ረድፍ ወደ ቀጣዩ ስለሚሠሩ አብዛኛው ጥቅም እዚያው ይገኛል። የመልእክት ተራ ቁጥር ላይ ኢንክሪመንት ማድረግ በጣም ያጓጓል። ትውስታው ከፓኬት ወደ ፓኬት የሚተላለፍ ከሆነ ግን ተቀባዩ የጠፋውን ሳያውቅ ራሱ አንድ ጨምሮ ይቀጥላል፤ ክፍተቱን የሚያሳየውን ብቸኛ ምልክት በገዛ እጅዎ አጠፉት ማለት ነው። የሞስኮ ገበያ ተራ ቁጥሩን በ4 ባይት ከፋስት መልእክቱ ፊት ለብቻው ያስቀምጠዋል፤ ተቀባዩም መልእክቱን ሳይፈታ አንድ ዓይነት መረጃ ከሚይዙት ሁለት መንታ መስመሮች ቀድሞ የደረሰውን መርጦ ይወስዳል። ይህን አሠራር በጣም እወደዋለሁ።

ወደ መስኮቹ እንምጣ። እሴቱ ካልተለወጠ ኮፒ የሚያስከፍለው በፕረዘንስ ማፕ (የትኛው መስክ እንደተላከ በሚያሳዩት ቢቶች) ውስጥ አንድ ቢት ብቻ ነው። ዴልታ ግን እሴቱ ባይለወጥም ቢያንስ አንድ ባይት ይልካል። ስለዚህ የአክሲዮኑ መለያና የግዢ ወይም የሽያጭ ምልክት ኮፒ ይሁኑ። ዋጋ ዴልታ ይስማማዋል፤ ኤክስፖነንቱን (የአሥርን ርቢ) ዲፎልት (ካልተላከ አስቀድሞ የተወሰነ እሴት የሚይዝ)፣ ማንቲሳውን (በርቢው የሚባዛውን ቁጥር) ዴልታ አድርገው ለየብቻ ቢያስቀምጡ ይሻላል። የትእዛዝ ብዛት ላይ ግን ኦፕሬተር ባይኖር እመርጣለሁ። ብዛቱ ከ100 ወደ 5 ቢወርድ፣ 5 ራሱ በአንድ ባይት ይሄዳል፤ ልዩነቱ ግን 95 ሲቀነስ ነው። ባለ ምልክት ቁጥር በአንድ ባይት የሚይዘው ከ−64 እስከ 63 ብቻ ስለሆነ ዴልታው ሁለት ባይት ይወስዳል። ሊቆጥቡ ብለው እጥፍ ከፈሉ። ግምትን ትተው የአንድ ቀን እውነተኛ መረጃ ወስደው እያንዳንዱ መስክ በየኦፕሬተሩ ስንት ባይት እንደሚወስድ ይለኩ።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያየው ነገር ልለፍ። ኢንቲጀር መስክ አማራጭ ሲሆን ባዶነትን ለማሳየት ዜሮ ስለሚያዝ፣ ዜሮና ከዜሮ በላይ ያሉ ቁጥሮች ሁሉ አንድ ተጨምሮባቸው ይላካሉ። 942755 የግዴታ መስክ ላይ በሄክሳዴሲማል (በአሥራ ስድስት ቤት አጻጻፍ) 39 45 ኤ3 ሆኖ ሲላክ፣ አማራጭ መስክ ላይ 39 45 ኤ4 ይሆናል። የላኪና የተቀባይ ቴምፕሌት በዚህ አንድ ቃል ከተለያዩ ብዛቶች ሁሉ በአንድ ይንሸራተታሉ፤ ይህ ቶሎ ይታያል። ዴሲማል ላይ ግን ነገሩ ተንኮለኛ ነው። አማራጭ ዴሲማል ላይ ባዶ መሆን የሚችለው ኤክስፖነንቱ ብቻ ነው፤ ማንቲሳው አይነካም። ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ላይ አንድ ስለማይጨመር፣ ኤክስፖነንቱ −2 በሆነ ቁጥር ሁለቱም ወገኖች አንድ ዓይነት ያነባሉ፤ ስለዚህ ቴምፕሌቶቹ የተስማሙ ይመስላሉ። ላኪው አማራጭ፣ ተቀባዩ የግዴታ ብለውት ከሆነ፣ አንድ ቀን ኤክስፖነንቱ ዜሮ የሆነ ዋጋ ሲመጣ ተቀባዩ 1 ብሎ ያነበዋል፤ ዋጋውም አሥር እጥፍ ይሆናል። በአንድ ድርጅት ይህ ስህተት ለረጅም ጊዜ ተደብቆ ኖሮ፣ ያለ ሳንቲም ክፍልፋይ የሚገበያይ ሰነድ የተጨመረ ዕለት ብቅ ሲል አይቻለሁ።

የስም መጋራትም አለ። ካልተገለጸ በቀር ዲክሽነሪው ግሎባል ነው፤ ቁልፉም የመስኩ ስም ነው። በሁለት ቴምፕሌቶች ውስጥ "ዋጋ" የሚባል መስክ ካለ ሁለቱ አንድ የቀደመ እሴት ይጋራሉ። የዕለቱ መዝጊያ ዋጋ የቀጣዩን የግዢ ዋጋ ዴልታ መነሻ እንዲሆን ካልፈለጉ፣ ዲክሽነሪውን "ቴምፕሌት" ብለው ይወስኑት። መጋራቱ የሚጠቅምበት ቦታ አለ፤ ግን ታስቦበት ይሁን።

ስለ ለውጥ አንድ ነገር ብቻ፦ ሥራ ላይ የዋለ ቴምፕሌት ውስጥ መስክ አይጨምሩ፣ ተራም አይቀይሩ። ለተለወጠው ቴምፕሌት አዲስ የቴምፕሌት መለያ ቁጥር ይስጡት፤ ከ128 በታች ቢሆን በአንድ ባይት ያልቃል።

የአሜሪካው ገበያ ሲኤምኢ በኤምዲፒ 3.0 (በዋጋ መረጃ ማሰራጫው) ወደ ኤስቢኢ፣ ማለትም መስኮችን ሳይጨምቅ በቋሚ ስፋት ወደሚልክ ሌላ ደንብ፣ ስለተሸጋገረ ፋስት አልፎበታል የሚሉ አሉ። ኤስቢኢ ለፕሮሰሰሩ ይቀልላል፤ መልእክቱ ግን ይተልቃል። ጠያቂያችን ችግራቸው የመስመር ጥበት እንደሆነ ስለጻፉ በፋስት መቀጠላቸው ትክክል ይመስለኛል።

ለአሁኑ የሙከራ ፋይልዎ ላይ መሃል ለመሃል ፓኬቶች እየሰረዙ ውጤቱን ከሙሉው ፋይል ውጤት ጋር ያስተያዩ፤ ኤክስፖነንቱ ዜሮ የሆነ ዋጋም ያስገቡበት። ከዚያ በኋላም መዛባቱ ከቀጠለ የዋጋ መስኩን የቴምፕሌት ክፍል እዚህ ይለጥፉት፤ አብረን እናየዋለን።