ከታች መጥተው ዋንጫ የበሉት፦ ስለ ከፍተኛ ሊግ የጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ ስለ እግር ኳሳችን ከፍተኛ ሊግ የሚጠይቁት በርከት አሉብኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ድሮ ብሔራዊ ሊግ ነበር የምንለው። የት ገባ? (ከአዳማ)

ቦታውን ለከፍተኛ ሊግ ለቀቀ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ያለው ከፍተኛ ሊግ ነው፤ ከሱ ሥር አንደኛ ሊግ አለ። ፕሪሚየር ሊጉን የክለቦቹ አክሲዮን ማኅበር ሲመራው፣ ከፍተኛ ሊጉ በእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ እጅ ነው።

ጥያቄ፦ ከከፍተኛ ሊግ ያደገ ክለብ ዋንጫ በልቶ ያውቃል? ጓደኛዬ "ሁሌም ጊዮርጊስ ነው" እያለ እንወራረድ ብሎኛል። (ከጅማ)

ከጅማ ሆነህ ይሄን ትጠይቃለህ? ተወራረድ እንጂ! የናንተው አባ ጅፋር በ2009 መጨረሻ አድጎ በ2010፣ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫውን አነሳ። አብሮት ያደገው መቐለ 70 እንደርታ በ2011 ተከተለው። የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ተሰረዘ። በ2013 ሻምፒዮን የሆነው ፋሲል ከነማም በ2008 ከዚሁ ሊግ የመጣ ነው። 2014 እና 2015 የጊዮርጊስ ነበሩ፤ እዚህ ላይ ጓደኛህ ትንሽ ይተንፍስ። ከዚያ 2016 ንግድ ባንክ፣ 2017 ኢትዮጵያ መድን፤ ሁለቱም ከከፍተኛ ሊግ ያደጉ ናቸው። ስትደምረው ከ2010 እስከ 2017 ከተጠናቀቁት 7 ውድድሮች 5ቱን የወሰዱት ከከፍተኛ ሊግ ያደጉ ክለቦች ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። አባ ጅፋርን፣ መቐለንና መድንን ለዋንጫ ያበቃቸው አንድ ሰው ነው፦ አሰልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ። ሦስት ክለብ፣ ሦስት ዋንጫ። ይሄ ሰው ሲነገርለት የማልሰማው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ያደጉት ሁሉ ለምን አይሰነብቱም? (ከሻሸመኔ)

ጥያቄው ከሻሸመኔ መምጣቱ አልገረመኝም። በ2015 መጨረሻ ሦስት ክለቦች አብረው አደጉ፦ ንግድ ባንክ፣ ሐምበሪቾ ዱራሜ እና ሻሸመኔ ከተማ። ዓመት ሳይሞላ ንግድ ባንክ ዋንጫ በላ፣ ሁለቱ ወረዱ። ንግድ ባንክ ደግሞ በ2009 ወርዶ የወንዶች ቡድኑን እስከ ማፍረስ የደረሰ ክለብ ነበር። ሲመለስ ግን ኪሱ ሙሉ ነበር።

ዋናው ልዩነት እዚህ ጋ ነው። አብዛኞቹ የከፍተኛ ሊግ ክለቦች የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ነው፤ ከሜዳ መግቢያ የሚገኘው ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቡድኑ ባደገ ማግስት ልምድ ያላቸውን ተጫዋቾች ማስፈረም አለበት፣ የደሞዝ ወጪው ይንራል። የከተማው ካዝና ግን ያው ነው፤ መንገዱም ውሃውም ከዚያው ይጠብቃሉ። ጥቂት ወር ደሞዝ ሲዘገይ ልምምድ መቅረት ይጀመራል፣ ጥሩ ጥሩዎቹ መልቀቂያ ይጠይቃሉ። ከዚያ በኋላ አሰልጣኝ ቢቀያየር ምን ዋጋ አለው? ዋንጫ የበላው አባ ጅፋር ራሱ በ2014 ወርዷል። በዚያው ዓመት መድን ወደ ላይ ወጣ።

በኔ እምነት ወደ ላይ ለሚያድግ ክለብ ፌዴሬሽኑም አክሲዮን ማኅበሩም ከሁሉ በፊት የዓመት የደሞዝ ዋስትና ሊጠይቁት ይገባል። ማሟላት ካልቻለ ያኔውኑ ይታወቅ።

ጥያቄ፦ ክለባችን በገዛ ሜዳው ሲጫወት ማየት ናፈቀን። ለምን በሰው ከተማ? (ከዱራሜ)

የኮሮና ጊዜ አሠራር ነው፣ መጥቶ በዚያው ቀጠለ። ክለቦቹ በተመረጡ ከተሞች ይሰበሰቡና በአንድ ሜዳ በቀን ሁለት ሦስት ጨዋታ ይደረጋል። ጉዞ ይቀንሳል፣ ግን ሆቴሉና አበሉ አለ። ደጋፊው ደግሞ የልጆቹን ጨዋታ በስልክ እየጠየቀ ይውላል። እኔ አልወደውም።

ጥያቄ፦ የትግራይ ክለቦች በከፍተኛ ሊግ ሳያልፉ በቀጥታ ፕሪሚየር ሊግ መግባታቸው ልክ ነው? (ከሪያድ)

ልክ ነው። መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ እና ስሑል ሽረ ከሊጉ የወጡት በጦርነቱ ምክንያት እንጂ ሜዳ ላይ ተሸንፈው ወርደው አይደለም። በ2017 ወደ ነበሩበት ተመለሱ።