ፀሐይዋን እንዳያምናት

ጥያቄ፦ ልጄ ዮናስ ዲቪ ደርሶት በጥር አሜሪካ ይገባል። የሚያርፈው ኢሊኖይ ውስጥ ካሮል ካውንቲ በሚባል ገጠር፣ ዘመድ ቤት ነው። ብርዱ አይጣል ነው ይሉኛል። ከዚሁ ከአዳማ ወፍራም የሰልባጅ ጃኬት ልግዛለት? ጋቢስ ቢይዝ ይስቁበታል?
የዮናስ እናት፣ ከፍራንኮ ሰፈር

መልስ፦ እናቴ፣ እኔ እዚያው አጎራባች ካውንቲ 4 ዓመት ኖሬ ነው አዳማ የተመለስኩት። ጃኬቱን ይተዉት። እኛ ወፍራም የምንለው እዚያ የጥቅምት ልብስ ነው። ብሩን ይስጡትና እዚያው ይግዛ። ዘመዶቹ ግን ካፖርት ይዘው አየር ማረፊያ ይጠብቁት።

ክረምት የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። የኛ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ዝናብ፣ ጭቃ። የእነሱ ገናና ጥምቀት ላይ ይውላል። ልጅዎ የሚደርሰው እምብርቱ ላይ ነው። በደህናው ጥር ቀኑ ዜሮ አካባቢ፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች 10 ገደማ ነው። ሲብስስ? ጥር 23 ቀን 2011 ዓ.ም. የካውንቲው መቀመጫ ማውንት ካሮል ከዜሮ በታች 38.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰች። በኢሊኖይ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ብርድ ተመዝግቦ አያውቅም። የቤትዎ ፍሪዘር እንኳ ከዜሮ በታች 18 ቢሆን ነው።

እኔን ጉድ የሠራችኝ ግን ፀሐይዋ ናት። በመጀመሪያው ጥር በመስኮት ሳይ ሰማዩ ጥርት ብሏል። አዳማ ላይ እንዲህ ያለ ጠዋት ጥላ ያስፈልጋል። ገላዬን ታጥቤ፣ ፀጉሬ እንደረጠበ፣ በሹራብ ብቻ ወጣሁ። መንገዱን ሳልሻገር ፀጉሬ እንደ ሽቦ ደረቀ። አፍንጫዬ ውስጥ ያለው ፀጉር ሳይቀር በረዶ ሆነ!

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ደመና የምድር ጋቢ ነው። ጥርት ባለ ሌሊት ምድር ያለ ጋቢ ታድራለች፣ ሙቀቷ ወደ ላይ ያመልጣል። በረዶው ደግሞ የቀኑን ፀሐይ መልሶ ይወረውራታል። ከካናዳ የሚወርደውን ብርድ የሚያግድ ተራራም የለም፤ አገሩ ሜዳ ነው። ስለዚህ ዮናስ ደመና ካየ ይደሰት፣ ፀሐይ ካየ ኮፍያ ያድርግ።

ነፋሱን የአዳማ ሰው ስለሆነ ያውቀዋል። የኛ ግን አቧራ ያለብሳል እንጂ የሰውነት ሙቀት ነጥቆ አይሄድም። የጥጥ ካልሲ አይጠቅመውም፤ ላብ ይይዝና ይቀዘቅዛል። የሱፍ ይሁን። ቫዝሊን በብዛት ይያዝ፣ ከንፈር ይሰነጠቃል።

ታኅሣሥ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይጨልማል። ለእኔ ከብርዱ ይልቅ የከበደኝ እሱ ነበር። አዘውትረው ይደውሉለት።

በሚያዝያና በግንቦት ከሰሜን ቀዝቃዛ፣ ከደቡብ ባሕር እርጥብ ሞቃት አየር ይመጣና ይጋጫሉ። አውሎ ነፋስ የሚወልደው ይሄ ነው። ሳይረን ከጮኸ ከመሬት በታች ወዳለው ክፍል! የወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ከጮኸ ግን ለሙከራ ነው፣ አይሩጥ። እኔ ሮጬ ጎረቤት ስቆብኛል።

ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ከአዳማ ብዙም አይበልጥም፤ የበቆሎው ማሳ የሚተነፍሰው እርጥበት ግን ሸሚዝ ከጀርባ ያጣብቃል። መስከረምና ጥቅምት ያምራል፣ በቆሎ ይሰበሰባል፣ ቅጠሉ ይቀላል።

ጋቢውን? ይያዝ እንጂ! ማታ ሶፋ ላይ ተጠቅልሎ ይቀመጥበታል። የኔን ጋቢ አሮጊት ጎረቤቴ ለምና ወስዳብኛለች።