ዶርዜ ሰው ቤት ማደር፦ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ይኸው መልሱ

ጋሞ ደጋ ላይ፣ ዶርዜ ሄዶ ሰው ቤት ስለማደር የሚጠይቀኝ ስለበዛ ጥያቄዎቹን ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ ብያለሁ። የአባቴ ወገን ከዚያው ነው። ያደግሁት ሽሮ ሜዳ ቢሆንም ለመስቀል እንወጣለን፣ ጓደኞቼንም ይዤ እሄዳለሁ። ስለ አርባ ምንጭ ሆቴሎች ግን አትጠይቁኝ፣ እሱን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሞልቷል። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ጠዋት ወጥቶ ለምሳ የሚወርድ ሰው የሚያየው ለእንግዳ የተሰናዳውን ነው። ቆጮ በማር፣ አንድ መለኪያ አረቄ፣ ትንሽ ጭፈራ፣ ከዚያ ደህና ሁኑ። ቤቱ ቤት የሚሆነው ሲመሽ ነው። ስለዚህ ከቻላችሁ እደሩ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ እንዴት ነው የሚደረሰው? ያለችኝ ቪትዝ ናት።

አርባ ምንጭ ድረስ አውሮፕላን አለ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው። በአውቶቡስ ከሆነ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነህ። ከአርባ ምንጭ በሶዶ መንገድ ትንሽ ሄደህ ወደ ግራ ትታጠፍና ሽቅብ ነው። ዶርዜ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፣ ጨንቻ ከተማ ከሷ አለፍ ብላ ናት። ርቀቱ ግን እንዳያታልልህ። አርባ ምንጭ 1300 ሜትር እንኳን አትሞላም፣ ዶርዜ ከ2500 በላይ ናት፣ ያን ሁሉ ከፍታ የምትወጣው በዚያች አጭር መንገድ ነው። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ቪትዟን አርባ ምንጭ አቁማትና የጨንቻ ሚኒባስ ያዝ። በመስኮት በኩል ተቀመጥ፣ ደመና ካልከለለህ አባያና ጫሞ፣ በመሃላቸውም የእግዜር ድልድይ ከሥርህ ይታያሉ።

ጥያቄ፦ ማን ቤት ነው የሚታደረው? ዝም ብዬ ሄጄ ባንኳኳስ?

ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለእንግዳ ተብሎ የተሠራ ግቢ ነው፤ የቀርከሃ ጎጆዎች፣ አልጋ፣ ማታ ደጅ ላይ እሳት። ባለቤቶቹ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፣ ግን ሥራቸው ነው። ሁለተኛው እውነተኛ የሰው ቤት ነው፤ ይሄኛው በአስጎብኚ ወይም በሚያውቃቸው ሰው በኩል ቀድሞ መነገር አለበት።

ማንኳኳቱን ተወው። አይመልሱህም፣ ችግሩም እሱ ነው። አመሻሽ ላይ ደጃፋቸው የቆመን ሰው ሂድ አይሉም፤ የራሳቸውን መኝታ ለቀው እሳቱ ዳር ይተኛሉ፣ ያላቸውን እንቁላል ሁሉ ይጠብሱልሃል፣ ጠዋት ደግሞ ስንት ልክፈል ስትል ያፍራሉ። አንተም ታፍራለህ። ቀድሞ የተነገረ እንደሆነ ግን ዋጋው ይታወቃል፦ የመኝታው፣ የምግቡ፣ የአስጎብኚው ለየብቻ ነው፣ ሦስቱንም ከመውጣትህ በፊት ጨርስ። «ተወው ባክህ፣ በኋላ እንነጋገራለን» የሚልህ ሰው ካጋጠመህ በኋላ የሚነገርህ ዋጋ ደስ አይልም። ይሄ ደግሞ ዶርዜ ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ ቤቱ የእውነት ዝሆን ይመስላል ወይስ ለቱሪስት የሚወራ ነው?

ይመስላል እንጂ። ፊት ለፊት ወጣ ያለው መግቢያ ኩምቢው ነው፣ ከላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ዓይኖቹ። ሰዉ ድሮ እዚህ ዝሆን ነበረ ይላል። እኔን የሚገርመኝ ግን መልኩ ሳይሆን ዕድሜው ነው። አዲስ ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ይቆማል። ግድግዳና ጣሪያ የሚባል ነገር የለውም፣ ከታች እስከ ላይ የተጠለፈ ቀርከሃ ነው፣ ላዩ በእንሰት ቅጠልና በሣር ይሸፈናል። ምስጥ ከታች ይበላዋል። የተበላውን ይቆርጡታል፣ ቤቱ ያጥራል። እንደገና ይበላል፣ እንደገና ይቆረጣል። ስለዚህ አንድ ግቢ ገብተህ ረጅሙን ቤት ካየህ አዲስ ነው፣ አጭሩ ሽማግሌ ነው። ቦታ መቀየር ካስፈለገም ጎረቤት ተጠርቶ፣ እንጨት ከሥር ገብቶለት፣ ቤቱ እንዳለ በሰው ትከሻ ይሄዳል።

ውስጡን ጎንበስ ብለህ ነው የምትገባው። ለትንሽ ጊዜ ምንም አይታይህም፣ ጭሱ ዓይንህን ያቃጥልሃል። ከዚያ ቀስ በቀስ እሳቱ፣ መደቡ፣ ቅሉ ይታይሃል፣ በአንድ በኩል ደግሞ ከቀርከሃ አጥር ጀርባ ላሞቹ። የጭስ ማውጫ ቱቦ የለውም፤ ጭሱ በክዳኑ ውስጥ እየሰረገ ነው የሚወጣው፣ ቀርከሃውንም ከነፍሳት የሚጠብቀው እሱ ነው። አስም ያለበት ሰው ግን የሰው ቤት ይቅርበትና የእንግዳ ጎጆ ይከራይ፣ እሱ ውስጥ እሳት አይነድም።

ጥያቄ፦ ቁንጫ?

አለ። ላሞቹ ያሉበት ቤት ነው ያልኩህ። የራስህን አንሶላ ወይም ስሊፒንግ ባግ ያዝ፣ ካልሲህን ሱሪህ ላይ ሳብ አድርገህ ተኛ። ወባን በተመለከተ ስጋቱ ታች አርባ ምንጭ ነው፣ እዚያ ካደርክ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቅ።

ጥያቄ፦ እኔ 67 ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴን ያመኛል። ልጆቼ ካልወሰድንሽ እያሉኝ ነው። ሽንት ቤቱ እንዴት ነው ልጄ?

እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ጉድጓድ ነው፣ ቁጢጥ የሚባልበት። ከቤቱም ራቅ ይላል፣ ሌሊት ጭቃ አለ። ልጆችዎ የእንግዳ ግቢ ይያዙልዎት፣ መቀመጫ ያለው መሆኑን ደውለው ይጠይቁ። ቀን ቀን ሰው ቤት ገብተው እሳት ዳር ቁጭ ብለው መጫወት ይችላሉ፤ እንደውም ለእርስዎ ነው ቦታ የሚለቀቀው። ወፍራም ጋቢ አይርሱ፣ ብርዱ የመንዝን ያህል ባይሆንም ጉም ሲወርድ አጥንት ይገባል።

ጥያቄ፦ የምጾም ነኝ። ምን እበላለሁ? ቆጮ ደግሞ ከክትፎ ጋር ብቻ ነው የማውቀው።

ለጾመኛ ከዶርዜ የተሻለ የለም። ቆጮው አዲስ አበባ እንደምታውቂው ደረቅና ወፍራም አይደለም፤ ሊጡ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ይጋገራል፣ ስስ ነው፣ ትኩሱን በዳጣ ይበላል። ዳጣውን ግን በጫፍ ጀምሪ! ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ አንድ ላይ ተፈጭቶ ነው፣ ለማያውቀው ጆሮ ያግላል። ጎመን አለ፣ ድንች አለ፣ የጨንቻ አፕል አለ።

አሠራሩን ለማየት ከፈለግሽ ጠዋት ተነሺ። አክስቴ ስትፍቅ እንዲህ ነው፦ የእንሰቱን ግንድ ልጣጭ በጣውላ ላይ ዘርግታ ጫፉን በእግሯ ትይዘዋለች፣ ከዚያ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ወደ ታች ትገፋዋለች፣ ነጩ ውሃ ያዘለ ነገር ከሥር ይጠራቀማል፣ ክር መሰሉ ጭረት እጇ ላይ ይቀራል። እሱ ቃጫ ይሆናል፣ ምንም አይጣልም። የተፋቀው በቅጠል ታሽጎ ጉድጓድ ይገባና ለወራት ይብላላል። ልሞክር በያቸው፣ ይሰጡሻል፣ ይስቁብሻልም።

ሌላው ሃይታ ቱኬ ነው፣ የቡና ቅጠል ተፈልቶ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሚጥሚጣና ጨው ገብቶበት በቅል ይጠጣል። ሻይ ነው ብለሽ ከጠጣሽ ትደነግጫለሽ፣ ሾርባ ነው ብለሽ ጠጪው። አረቄው ሲቀዳ «ዮ ዮ ዮ» ይባላል። ፕሮቴስታንት ቤት ካረፍሽ ግን አረቄ አትጠብቂ፣ እንዲያመጡም አትጠይቂ።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንመጣው፣ ሁለት ልጆች አሉን። ለመንደሩ ልጆች ከረሜላና እስክሪብቶ ጭነን እንምጣ?

አታምጡ። እባካችሁ። ወደ ዶርዜ ስትወጡ ልጆች መንገዱ ላይ ወጥተው ሲጨፍሩ፣ ሲገለበጡ ታያላችሁ፤ መኪናው ቆሞ አንድ ሰው ብር ይወረውራል፣ ሁሉም ይሻሙበታል። ያ መንገድ ጠመዝማዛ ነው፣ ከጀርባ የሚመጣው ሹፌር አያያቸውም። ደግሞም ከትምህርት ቤት ይልቅ መንገዱ የሚያዋጣ ይመስላቸዋል። ጨክናችሁ እለፉ፣ እጃችሁን አውለብልቡላቸው። መርዳት ከፈለጋችሁ ደብተርና መጽሐፉን ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አስረክቡ።

ላደራችሁበት ቤት ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከአርባ ምንጭ ግዙ፣ ከአሜሪካ ቪታሚን መሸከም አያስፈልግም። ለእማወራዋ በእጇ ስጡ። ልጆቻችሁን ደግሞ ልቀቋቸው። ቋንቋ የለንም ትሉ ይሆናል፣ አይጠይቅም፣ ከብት ሲገባ አብረው ይሮጣሉ። «ሳሮ» ብለው ሰላምታ መስጠት ከቻሉ ለመጀመሪያው ቀን በቂያቸው ነው።

ጥያቄ፦ ብቻዋን የምትሄድ ሴት ነኝ። ደህና ነው?

የማውቃቸው ሄደው ተመልሰዋል። አባወራና እማወራ ያሉበት ቤት፣ አስጎብኚውም ከመንደሩ ይሁን። ከመሸ አትዘዋወሪ። የት እንደምታድሪ አርባ ምንጭ ላለ ሰው ንገሪ፣ ኔትወርኩና መብራቱ እንደፈለገ ይሄዳልና ፓወር ባንክና ባትሪ ያዢ።

ጥያቄ፦ ጋቢና ነጠላ እዚያ ብገዛ ይረክስልኛል?

ትንሽ ይረክስልሃል፣ ግን ለዚያ ብለህ አትሂድ። ሸማኔው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ፣ ድሩን እየከፈተ ማጉን በመወርወሪያ ከዚህ ወዲያ ሲያሳልፍ አንድ ሰዓት ቁጭ ብለህ እየው። እናቶች ፈትሉን በእንዝርት ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሠራሉ። አንድ ሰዓት አይተህ ስንት ጣት እንደጨመረ ቁጠርና ከዚያ በኋላ ተከራከር። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩን ዱንጉዛ የሚባለውን ጨርቅ ከፈለግክ ደግሞ ከሸማኔው እጅ ግዛ። ፎቶውንም ካስፈቀድክ በኋላ አንሳ። ገበያ ውስጥ አሮጊት ፊት ላይ ካሜራ መደቀን ነውር ነው፣ በየትም አገር።

ጥያቄ፦ ሣር ይዘው የተንበረከኩት ሽማግሌዎች ከዚህ ናቸው?

አዎ፣ የጋሞ አባቶች ናቸው። በ2011 መስከረም ቡራዩ ላይ ሰዎቻችን ከተገደሉ በኋላ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል ሲነሳ እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ፣ ወጣቱም ተመለሰ። ሣር ተይዞ ሲለመን አልፎ መሄድ ጎሜ (እርም) ነው፣ መዘዙ በዘር ይተርፋል ተብሎ ይታመናል። ለእንግዳ ከዚህ የሚጠቅመው ይሄ ነው፦ ዱቡሻ የሚባል ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገር የሚያዩበት ሜዳ አለ፣ ሰው ተሰብስቦ ካየህ በመሃል አትለፍ፣ ድሮንም አታስነሳ። ሌላ፣ ጋሞ ሁሉ ዶርዜ አይደለም፤ ዶርዜ ከብዙዎቹ የጋሞ አገሮች አንዷ ናት። ጨንቻ ላይ ሰውየውን «ዶርዜ ነህ አይደል?» ብለህ እንዳትጀምር።

ጥያቄ፦ ለመስቀል ብሄድስ?

ዮ ማስቃላ ትልቁ በዓላችን ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከየትም የተበተነው ሸማኔ ይገባል፣ ሲጠራቀም የከረመው ቅቤ ይወጣል፣ በሬ ተገዝቶ በቅርጫ ይታረዳል። ያምራል። ግን ቤቱ ሁሉ በራሱ ልጅ ስለሚሞላ የሚጠብቅህ ወዳጅ ከሌለህ መኝታ አታገኝም፣ ትራንስፖርቱም አይቀመስም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ታኅሣሥ ወይም ጥር ሂድ፤ ሚያዝያና ግንቦት ዝናቡ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ለምን ሰሜን ተራሮችን ወይም መንዝ ጓሳን አትመክርም?

ጓሳን እወደዋለሁ፣ ሰዉ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ራሱ በራሱ ሕግ የጠበቀው ቦታ ነው። ግን አማራ ክልል ውስጥ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ባለው ግጭት ምክንያት ሂዱ ብዬ ኃላፊነት አልወስድም። ወደ አርባ ምንጭም ቢሆን በመኪና የምትሄዱ ከሆነ በዚያው ሳምንት የመጣ ሹፌር ጠይቁ።

ጥያቄ፦ አንድ ቀን ብቻ ነው ያለኝ። የትኛው ቀን ይሻላል?

የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ ነው፣ የጨንቻ ማክሰኞና ቅዳሜ። ሰኞ ከሰዓት ዶርዜ ግባ፣ ገበያውን እይ፣ እደር፣ ማክሰኞ ጠዋት ጨንቻን አይተህ በዚያው ሚኒባስ ውረድ። ብር ከአርባ ምንጭ አውጥተህ ያዝ፣ ዝርዝሩን።