ለአባቴ ተዝካር በሬ ካልጣልኩ ነፍሱ ትጎዳለች?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የአባቴ አርባ ሊሞላ ሁለት ሳምንት ቀረው። ዘመዶቼ «80 ሺህ ብር ተበድረሽ በሬ ጣይ፤ ያለ ድግስ ነፍሱ አታርፍም» ይሉኛል። እናቴ የስኳር ታማሚ ናት፤ መድኃኒቷን የምገዛው እኔ ነኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር፤ እናንተንም ያጽናችሁ። አትበደሪ። የአባትሽን ነፍስ የሚያሳርፋት በቅዳሴ የሚቀርበው የክርስቶስ ሥጋና ደም እንጂ ድንኳን ሥር የታረደ በሬ አይደለም።

«እንግዲያው ተዝካር የሰው ወግ ነውና ይቅር» ለማለት ግን አትቸኩይ። ማርቆስ 7 ላይ ጌታ የሚነቅፈው «የሰውን ወግ» ነው፤ 2ኛ ተሰሎንቄ 2፥15 ላይ ሐዋርያው «ያዙ» የሚለውም ወግ ነው፤ ቃሉ አንድ ነው። መለያው ወደ ክርስቶስ ማድረሱ ነው። ጸሎቱና ቅዳሴው ያደርሳሉ። ብድሩ ግን ጌታ እዚያው ማርቆስ 7 ላይ ያነሣውን ሰው ይመስላል፤ እናት አባቱን ሊጦርበት የሚገባውን ገንዘብ «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፣ ብሎ ይከለክላቸዋል። ያንቺም 80 ሺህ የሚከፈለው ከእናትሽ መድኃኒት ተቀንሶ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ የአባትሽን የክርስትና ስም ፈልጊ። ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ድግሱ ተሟልቶ ስሙ ይጠፋል። እናትሽ ካላስታወሰች የነፍስ አባቱን ጠይቂ። ስሙን በወረቀት ጽፈሽ ከሳምንት በፊት ለካህኑ ስጪ፤ ዳር ዳር ያሉ አጥቢያዎች በየቀኑ ላይቀድሱ ስለሚችሉ ቀኑንም ያኔውኑ ቁረጪ። ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ እንደ አቅምሽ ያዢ። አንቺም ንስሐ ገብተሽ፣ ነፍስ አባትሽ ከፈቀዱ፣ 18 ሰዓት ጾመሽ ቍረቢ። (ለሟች አስቀድሰን ራሳችን ሳንቈርብ የምንመለስ ብዙ ነን።)

ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ድፎ ዳቦና ምስር ወጥ ይበቃል፤ ምስሩ ቀኑ ጾም ላይ ቢውልም አያስቸግርም። የምትጠሪያቸው ግን ሉቃስ 14፥13 እንደሚለው ድሆችን ይሁን። ተዝካርን ያበላሸው «እነ እገሌ አብልተውናል» እየተባለ የሚደገሰው የብድር መላሽ ድግስ ነው።

ዘመዶችሽን ብቻሽን አትጋፈጪ፤ ነፍስ አባትሽ ቤት መጥተው ይንገሩልሽ። ከእድሩም ሳህንና አንድ ትልቅ ድስት ብቻ ተዋሺ። ድንኳኑ ከተተከለ ብሎኩ በሙሉ ድግስ አለ ብሎ ይመጣል።