ኮን ኬን ላይ ርካሽ ሆቴል፦ ከክፍሉ በፊት በሩን ጠይቂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብሎ ማለፍ አቃተኝ። ለስድስት ሳምንት የላብራቶሪ ሥልጠና ታይላንድ፣ ኮን ኬን ዩኒቨርሲቲ ልትሄጂ ነው። አበሉ ቀጭን ነው። በቀን 400 ባህት የሚል ሆቴል አግኝተሽ «ይሄ ሰው ያድርበታል? ወይስ ጨክኜ የ1,200ውን ልያዝ?» ብለሻል። እኔ እዚያ ከተማ ሁለት ጊዜ ኖሬያለሁ፤ መጀመሪያ ለአንድ ወር ተኩል፣ ኋላ ለአምስት ወር። ሁለቱንም ጊዜ ኪሴ ካንቺ የተሻለ አልነበረም። ትንሽ ላስረዝመው ነው፣ ቻይኝ።

400ው ይበቃሻል። በዚያ ከተማ በ400 እና በ500 ባህት ንጹሕ አንሶላ፣ የራስሽ መታጠቢያ፣ ኤሲ፣ ትንሽ ፍሪጅ እና የሚሠራ ዋይፋይ ታገኛለሽ። በአዲስ አበባ ፔንሲዮን አትለኪው። እኔን ያሳረረኝ ዋጋውም ክፍሉም አይደለም፤ ሆቴሉ የቆመበት ቦታ ነው።

የመጀመሪያውን ሆቴል የያዝኩት ከአዲስ አበባ ሆኜ ነው። «ከዩኒቨርሲቲው 2 ኪሎ ሜትር» ይላል። እሰየው አልኩና የሁለት ሳምንቱን በሙሉ ከፈልኩ። ያላወቅኩት ነገር ግቢው ራሱ ከተማ ማከሉን ነው። ወደ 900 ሄክታር ይጠጋል። ከአንዱ በር ገብተሽ ወደ ሌላው በር በእግርሽ ልውጣ ብትዪ ፀሐዩ ይጨርስሻል። ስለዚህ «ከዩኒቨርሲቲው 2 ኪሎ ሜትር» ሲሉሽ መልሱ «ከየትኛው በር?» ነው። የኔ ሆቴል ከአንዱ በር 2 ኪሎ ሜትር ነበር። የኔ ትምህርት ክፍል ደግሞ ከዚያ በር ሌላ ሦስት ምናምን ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ።

ይባስ ብሎ ሆቴሉ ያለው ሚትራፓፕ መንገድ ማዶ ነው። ሚትራፓፕ ማለት ወዳጅነት ማለት ነው። በአሜሪካ ርዳታ የተጀመረ፣ እስከ ላኦስ ድንበር ኖንግ ካይ ድረስ የሚዘልቅ ትልቅ አውራ ጎዳና ነው። ስሙ ወዳጅነት ይሁን እንጂ ለእግረኛ ወዳጅ አይደለም። መሐሉ የተከፈለ ነው፤ የጭነት መኪናው አያልቅም። የእግረኛ ድልድዩ ከሆቴሉ ሩቅ ነበር። በታክሲ ስመለስ ደግሞ መኪናው ማዞሪያ ፍለጋ አልፎኝ ይሄድና ሩቅ ቦታ ዞሮ ይመጣል። ሆቴሉን እያየሁት አልፈዋለሁ። መስኮቴ የሚከፈተው ወደ ጎረቤቱ ግድግዳ ነበር። በሦስተኛው ቀን ልልቀቅ ብል የከፈልኩት አይመለስም ተባልኩ። ሁለቱን ሳምንት ጥርሴን ነክሼ ጨረስኩ።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። ከአዲስ አበባ ሁለት ሌሊት ብቻ ያዢ። ለነዚህ ሁለት ሌሊቶች የፈለግሽውን ያዢ፤ የ1,200ውም ይሁን ግድ የለም፣ ከረጅም ጉዞ ወጥተሽ ነው። ከዚያ ተማሪው ወደሚኖርበት ሰፈር ሂጂ። «ላንግ ሞ» ይሉታል፤ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ እንደማለት ነው። ካንግሳዳን የሚባለውም ሰፈር እንደዚያው ነው። ባለ አራት ባለ አምስት ፎቅ ሕንጻ ተደርድሮ ታገኛለሽ። አንዳንዱ ሆቴል ነኝ ይላል፣ አንዳንዱ አፓርትመንት ነኝ ይላል፤ ነገሩ አንድ ነው። «ራይ ዋን» ካሉሽ በቀን ማለታቸው ነው፣ «ራይ ዱአን» ካሉሽ በወር። ብዙዎቹ ኢንተርኔት ላይ የሉም። ገብቶ መጠየቅ ብቻ ነው። እኔ ሁለተኛውን ጊዜ ያደርኩበት ቤት ምንም ቦታ ላይ ስሙ አልነበረም፤ ግን እስካሁን የሚናፍቀኝ እሱ ነው።

አንድ ወር በርከት ብለሽ ስለምትቆዪ የወር ዋጋውን ጠይቂ። እኔ ስኖር ከ3,500 እስከ 5,000 ባህት በወር ይገኝ ነበር፤ የቀኑን በሠላሳ ብታባዢው ልዩነቱ ይታይሻል። ግን መብራትና ውሃ ለብቻ ነው። መብራቱን በቆጣሪ ያስቡታል፣ አከራዩም የራሱን ጨመር አድርጎበት ነው። ኤሲውን ሌት ተቀን ለሚለቅ ሰው ርካሹ ወር ርካሽ አይሆንም። ደግሞ ብዙ አከራዮች ስድስት ወር ወይም ዓመት ውል ይፈልጋሉ። ላንቺ የሚሻለው በቀን የሚያከራየውን ሰው «ስድስት ሳምንት እቆያለሁ» ብሎ ማስቀነስ ነው። አትፈሪ፣ ፈገግ ብለሽ ጠይቂ። እኔ ከ450 ወደ 330 አስወርጃለሁ፤ ጭቅጭቅም አልነበረም። እዚያ አገር ድምፅ ከፍ ካደረግሽ ግን አበቃ፣ አንድ ሳንቲም አይቀንሱልሽም።

ክፍሉን ከመያዝሽ በፊት ግቢና እዪ። በቀን ብቻ ሳይሆን ማታም ተመልሰሽ እዪው። የተማሪ ሰፈር ስለሆነ ሥሩ የቀጥታ ሙዚቃ ያለው መጠጥ ቤት ሊኖር ይችላል፤ ቀን ዝግ ስለሆነ አታውቂውም። ውሃውን ክፈቺ። ኤሲውን አስነሺና አምስት ደቂቃ ቆመሽ አሽትቺው። የምትሄጂበትንም ወራት አስቢ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል፣ ያኔ በማራገቢያ ብቻ እተኛለሁ ማለት ራስን ማታለል ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ከሆነ ማራገቢያው ይበቃል። ያኔ የሚያስፈልግሽ ሙቅ ውሃ ነው፤ ሻወሩ ጋ ግድግዳው ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ መኖሩን እዪ።

ስለ መታጠቢያው ብዙ አልልም። ሻወሩና መጸዳጃው አንድ ላይ ነው፣ ወለሉ ሁሌ እርጥብ ነው፣ ነጠላ ጫማ ያዢ። ከመጸዳጃው አጠገብ የውሃ ቱቦ አለ፤ አጠቃቀሙ ግልጽ ነው። ወረቀቱ ወደ ቅርጫት ይጣላል። የግድግዳው ትንሽ እንሽላሊት አይነካሽም። ሌሊት «ቱክ ኬ! ቱክ ኬ!» እያለ የሚጮኸው ትልቁ እኔን የመጀመሪያ ቀን ከአልጋ አስነስቶኛል፤ እሱም ካልነካሽው አይነካሽም። የሶኬት መቀየሪያ አትግዢ፣ የኛ ባለ ሁለት ቀጭን ክብ እግር ይገባል። የቧንቧ ውሃ አትጠጪ፤ ሕንጻው ሥር በሳንቲም የሚሠራ የመጠጥ ውሃ ማሽን አለ፣ ባዶ ጠርሙስሽን ይዘሽ ውረጂ።

ሲያስገቡሽ ፓስፖርትሽን ኮፒ ያደርጉና መያዣ ይቀበላሉ፤ እኔን 200 ባህት አስይዘውኛል፣ ስወጣ መልሰዋል። ፓስፖርቱን ራሱን ግን አትተዪላቸው። ሌላ የማይዘለል ነገር አለ። አከራይ የውጭ ዜጋ ባሳደረ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት። ቅጹ ቲኤም 30 ይባላል። ሆቴሎች ይህን ለምደውታል። አንዳንድ የወር አከራይ ግን ችላ ይላል፤ ኋላ ቪዛ ላራዝም ስትዪ ጣጣው ላንቺ ይተርፋል። «ቲኤም ሠላሳ?» ብለሽ ጠይቂው፣ ይገባዋል። ገንዘብም በእጅሽ ይኑር። ትንንሾቹ ቤቶች የውጭ ካርድ አይቀበሉም፣ ከማሽን ስታወጪ ደግሞ በየጊዜው ከ200 ባህት በላይ ይቆረጥብሻል። የክፍልሽ ግማሽ ዋጋ ማለት ነው። ንጹሕ፣ ያልታጠፈ ዶላር ይዘሽ ሂጂና መንዝሪ። የቢጫ ወባ ክትባት ቢጫ ካርድሽንም እንዳትረሺ፤ ባንኮክ ሱቫርናፑም አየር ማረፊያ ከኢሚግሬሽን በፊት ይጠይቁሻል።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገርሽ። አንድ ማታ የሆቴሉ ባለቤት፣ ደርባባ እናት ናቸው፣ አምስት ጣታቸውን ዘርግተው «ሃ ቱም» አሉና በሩን በእጃቸው የመዝጋት ምልክት አሳዩን። አብሮኝ የነበረ ጀርመናዊ ተማሪ አምስትን በራሱ አቆጣጠር ቆጥሮ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩ ሊዘጋ ነው ብሎ ደነገጠ። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት! ታዮች በንግግራቸው የማታውን ሰዓት እንደኛ ነው የሚቆጥሩት። ፈረንጅ ሰባት የሚለው «ኑንግ ቱም» ነው፣ አንድ ሰዓት። ስምንቱ ሁለት፣ ዘጠኙ ሦስት፣ እንዲህ እያለ እስከ አምስት። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ግን ተጠንቀቂ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ፣ እዚያ ላይ እንለያያለን። የባቡርና የአውቶቡስ ትኬት ላይ ያለው ደግሞ የፈረንጁ 24 ሰዓት ነው። ደረሰኝሽ ላይ 2560 ምናምን የሚል ዓመት ብታዪም አትደንግጪ። እነሱ ፈረንጁን በ543 ዓመት ይቀድሙታል፣ እኛ ሰባት ስምንት ዓመት ከኋላው ነን። ፈረንጅ ካልኩ አይቀር፣ እነሱም ነጩን «ፋራንግ» ነው የሚሉት። የኛው ቃል የሥጋ ዘመድ ነው። ዘይቱናንም ፋራንግ ይሏታል፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ምግቡ ርካሽ ነው፣ ሆቴሉ ቁርስ ባይሰጥ አይቆጭሽ። ጠዋት በትንሽ መጥበሻ የሚመጣ እንቁላል አለ፣ «ካይ ክራታ» ይባላል። ማታ የተጠበሰ ዶሮ፣ በእጅ እየጠቀለልሽ የምትበዪው የሚጣበቅ ሩዝና ሶም ታም፣ ማለትም የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ። በእጅ መብላቱ ይመችሻል። ሚጥሚጣ የለመደ አፍ አለኝ ብለሽ ግን አትጀነኚ። እኔ ቃሪያው ስንት ይሁን ስባል በኩራት አምስት አልኩ፤ ግማሹን ሳልጨርስ እንባዬ ወረደ። ሻጯም አብራኝ ሳቀች። በአንድ ጀምሪ።

ጿሚ ከሆንሽ ደግሞ አንድ ቃል ትበቃሻለች፦ «ጄ»። ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ፣ ሲያዩት 17 ቁጥር የሚመስል ምልክት ነው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለበትም፤ እንዲያውም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ የለበትም። ከኛ ይብሳሉ። «አትክልት ብቻ» ብለሽ ብታዢ ግን የዓሣ ሶስ ይጨምሩበታል፣ በማታውቂው ገደፍሽ ማለት ነው።

ይሄን ደግሞ ከምር ያዢልኝ። ጥሬ የወንዝ ዓሣ አትብዪ። «ኮይ ፕላ» የሚሉት ነው፤ በግብዣ ላይ ሊያቀርቡልሽ ይችላሉ። እዚያ አካባቢ ባለ የጉበት ትል የተነሳ የሐሞት ቱቦ ካንሰር በዓለም ላይ በብዛት ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ኢሳን፣ ማለትም ኮን ኬን ያለችበት ሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ነው። ራሱ የምትሄጂበት ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ሲያጠናው የኖረ ጉዳይ ነው። ሶም ታሙንም «ማይ ሳይ ፕላ ራ» በያቸው፤ የተብላላውን ዓሣ አታድርጉበት ማለት ነው። ጥሬ ሥጋውም አለ፣ ክትፎ ትዝ ይልሻል፣ እሱንም ተዪው።

በግቢው ውስጥ ነጻ አውቶቡስ አለ፣ ተጠቀሚበት። ወደ ከተማ ሶንግቴው አለ። ከኋላው ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ያለው ፒካፕ ነው፤ በቃ ውይይት ታክሲ በይው። ማታ ሲመሽብሽ ግራብ ጥሪ፣ በስልክ መተግበሪያ የሚጠራ ታክሲ ነው። ሰው አያስፈራም፣ እኔ ብቻዬን አምሽቼ ምንም አልገጠመኝም። የሚያስፈራው የየመንደሩ ውሻ ነው። ድንጋይ የምታነሺ መስለሽ ጎንበስ በይ፤ የእዚያ አገር ውሻም ይህን ቋንቋ ያውቃል። ከነከሰሽ ግን ሳታድሪ ሆስፒታል ሂጂ።

ቀኑን ሳትነግሪን ቀርተሻል። ሥልጠናሽ ከምረቃ ጋር ከገጠመ ሁለት ሌሊት ብቻ ያዢ ያልኩሽን ተዪው። ዲግሪውን የሚሰጠው የንጉሣውያን ቤተሰብ አባል ስለሆነ ቤተሰብ ከየክፍለ ሀገሩ አያት ቅድመ አያቱን ይዞ ይመጣል፣ ያኔ ክፍል አይገኝም። ከሚያዝያ 13 እስከ 15 በፈረንጆች ያለው የታይ አዲስ ዓመት፣ ሶንግክራንም እንደዚያው ነው፤ ላፕቶፕሽን በላስቲክ ጠቅልለሽ ካልሆነ ከቤት አትውጪ፣ ከተማው ሁሉ ውሃ ይራጫል።

እና የተፈጨ ቡና ከቤትሽ ይዘሽ ሂጂ። እኔ ተማሪ በሞላበት ካፌ ገብቼ ይርጋጨፌ የሚል አይቼ ደስ ብሎኝ አዘዝኩ። 120 ባህት። የክፍሌን ሲሶ ያህል ዋጋ በአንድ ስኒ ጠጣሁት፣ ያውም ከበረዶ ጋር።

የትኛው ፋኩልቲ እንደሆንሽና መቼ እንደምትሄጂ ጻፊልኝ፤ የትኛው በር እንደሚቀርብሽ እነግርሻለሁ።