የእሳት ማስጠንቀቂያ ሙያ፦ ከደብረ ብርሃን ለጠያቂዎች

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉ ፋብሪካዎችና ሆቴሎች የእሳት አላርም መሥመር ስዘረጋና ስጠግን ዓመታት ተቆጥረዋል። ወደ ሥራው መግባት የምትፈልጉም፣ አላርም ያስቸገራችሁም ጥያቄ ስላበዛችሁብኝ ዛሬ በአንድ ላይ ልመልስላችሁ።

ጥያቄ፣ ከሸዋ ሮቢት፦ ከፖሊ ቴክኒክ በኤሌክትሪክ ደረጃ 3 ጨርሼ ሲኦሲም (የሙያ ብቃት ምዘናውን) አልፌአለሁ። ያለ ዲግሪ ይቀጥሩኛል?

መልስ፦ ይቀጥሩሃል ወንድሜ። አብረውኝ የሚሠሩት አብዛኞቹ እንዳንተው ከፖሊ ቴክኒክ የወጡ ናቸው። የቤት መብራት ከዘረጋህ እጅህ ተፈትቷል፤ የሚቀርህ አላርሙ የሚሠራበትን 24 ቮልት ዲሲ መልመድ ነው። እኔ አዲስ ልጅ ስቀበል የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በመሥመሩ መጨረሻ የምትታሰረው ሬዚስተር ምን ትሠራለች? ፓኔሉ፣ ማለትም መሥመሮቹ ሁሉ የሚገቡበት መቆጣጠሪያ ሳጥን፣ በእሷ በኩል ጥቂት ከረንት እያሳለፈ መሥመሩ እንዳልተቋረጠ ያውቃል። ሽቦ ሲበጠስ ከረንቱ ይጠፋና ፎልት (ብልሽት) ያሳያል፤ ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው ጠቋሚ፣ ዲቴክተሩ፣ ጭስ ሲያገኝ ደግሞ ከረንቱ ከፍ ይልና ፋየር ይላል። ይህን በራሱ አባባል ያስረዳኝን ልጅ በማግሥቱ መሰላል አስይዘዋለሁ። አድሬሰብል የሚባለው፣ እያንዳንዱ ዲቴክተር የራሱ ቁጥር ያለው ሲስተም፣ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጥያቄ፣ ደብረ ብርሃን፣ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ፦ ሎቢ ላይ ቡና ተፈልቶ ዕጣን በተጨሰ ቁጥር አላርሙ ይጮኻል። ኃላፊያችን ዲቴክተሩን በፌስታል ሸፍኑት አሉ። ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ አይደለም እህቴ፣ እባክሽ እንዳትሸፍኚው። ፌስታሉን የሚያለብስ ሰው ሞልቷል፣ የሚያወልቅ ግን አይገኝም። ይህን የምለው ስላደረግሁት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ አንድ ሕንፃ ቀለም ሲቀባ አቧራ እንዳይገባባቸው ዲቴክተሮቹን ሸፈንኩ፤ ስጨርስ ሦስቱን ረስቼ ወጣሁ። ያወቅሁት ከወራት በኋላ ለፍተሻ ስመለስ ነው። በእነዚያ ክፍሎች ስንት ሰው ተኝቶ እንዳደረ ሳስበው ዛሬም ያመኛል። ከዚያ ወዲህ ሽፋን ቆጥሬ አስገባለሁ፣ ቆጥሬ አወጣለሁ።

የእናንተ መላ ቀላል ነው። መጀመሪያ የቡናውን ቦታ ከዲቴክተሩ አርቁት። ቦታ ከሌለ በዚያች ጥግ ያለው ብቻ በሙቀት ዲቴክተር ይቀየር። ግን አስተውሉ፦ በእንግሊዞቹ ቢ ኤስ 5839 ደንብ አንድ የጭስ ዲቴክተር በዙሪያው 7.5 ሜትር ሲሸፍን፣ የሙቀቱ 5.3 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን አውርዶ ሌላውን መስቀል ብቻውን ያልተሸፈነ ጥግ ሊተው ይችላል፤ በሜትር ተለክቶ መሆን አለበት። ጣርማበር አካባቢ ያላችሁ የእንግዳ ማረፊያዎችም ችግራችሁ የዚህ ዘመድ ነው። በመስኮት የገባ ጉም ለጭስ ዲቴክተር ከጭስ አይለይም።

ጥያቄ፣ ከመሐል ሜዳ፦ ሴት ነኝ። ሥራው መሰላል ላይ ነው ሲሉ እሰማለሁ፤ ይሆነኛል?

መልስ፦ መሰላል አለው፣ አልዋሽሽም። ሲዘረጋ ቱቦና ገመድ መሸከምም አለ። ነገር ግን የሥራው ትልቁ ክፍል ከተዘረጋ በኋላ የሚመጣው ፍተሻና ጥገና ነው፤ እዚያ የሚፈለገው ትዕግሥትና ንጹሕ መዝገብ ነው። ካየኋቸው ሁሉ ፎልት በመፈለግ የምትበልጠኝ ሴት ባለሙያ ናት።

ጥያቄ፦ ደሞዙስ?

መልስ፦ በረዳትነት ስትጀምሩ የቀን ሥራ ያህል ነው። ገቢው የሚሻሻለው በራሳችሁ ፎልት ማግኘት ስትችሉና የዓመት የጥገና ውል ስትይዙ ነው።

ጥያቄ፣ ከደብረ ሲና፦ ውጭ ሄጄ ለመሥራት የትኛው ወረቀት ይጠቅመኛል?

መልስ፦ አሜሪካኖቹ ኒሴት የሚሉት ምስክር ወረቀት አራት ደረጃ አለው፤ ወደ ላይ ለመውጣት ፈተናው ብቻ አይበቃም፣ የሥራ ልምድ ይጠየቃል። የሚከተሉት ደንብ ኤን ኤፍ ፒ ኤ 72 ነው። በኢንተርኔት በነፃ ማንበብ ስለሚቻል ዛሬውኑ ጀምር። ሠርተህ የጨረስከውን እያንዳንዱን ሥራ ከቀኑ ጋር በደብተር ያዝ፣ በኋላ ልምድህን የምታስረዳው በእሱ ነው።

ጥያቄ፣ የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን፦ መብራት በጠፋ ቁጥር ፓኔላችን ጥቂት ቆይቶ ይሞታል። ባትሪው ግን አዲስ ነው።

መልስ፦ አዲስ መሆኑ አይበቃም፣ መጠኑ ይታይ። ፓኔልህ በዝምታ 0.4 አምፔር፣ ሲጮህ 1.5 አምፔር ይወስዳል እንበል። መብራት ጠፍቶ ባትሪው ብቻውን 24 ሰዓት በዝምታ እንዲይዘው 9.6፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት እንዲያስጮኸው 0.75፤ ድምሩ 10.35 አምፔር ሰዓት ነው። ለእርጅና ሩብ ጨምርበት፣ ወደ 13 ይጠጋል። ስለዚህ 12 እንኳ አይበቃህም፣ 17 ትገዛለህ። ብዙ ቦታ የማገኘው ግን 7 ነው፣ ርካሽ ስለሆነ። በዚያ ላይ በእኛ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ባትሪ አቅሙ ይቀንሳል።

ጥያቄ፣ የሌሊት ጥበቃ፦ ፓኔሉ ቢጫ መብራት አብርቶ ሌሊቱን ሙሉ ጢጥ ይላል። ዝም የሚያሰኘውን ቁልፍ ተጫን ብለውኛል። እኔ ሙያው የለኝም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ቢጫው ፎልት ነው። እሳት አለ ማለት አይደለም፤ ግን ከሽቦው፣ ከባትሪው ወይም ከዲቴክተሩ አንዱ ታሟል ማለት ነው። የታመመው ክፍል እሳት ቢነሳ ላይነግርዎ ይችላል። ድምፁን ዝም ያሰኙት፣ መብራቱ ግን ሳይጠገን እንደማይጠፋ ይወቁ። ከመጫንዎ በፊት በስክሪኑ ላይ የተጻፈውን፣ የዞኑን (ብልሽቱ ያለበትን የሕንፃ ክፍል) ቁጥርና ሰዓቱን ይጻፉ፤ ጠዋት ለኃላፊው አስፈርመው ይስጡ። በማግሥቱም እንደዚያው። እስኪጠገን ድረስ ደግሞ ያንን ዞን በየሰዓቱ በእግርዎ ይዙሩት፤ የሱፍ ክምር ያለበት መጋዘን ከሆነ አፍንጫዎ ከዲቴክተሩ ሊቀድም ይችላል።